የአንባቢያን ጥያቄ፦ በሲሞኖቭ ጠመንጃ ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር የት ይሰካ?

ጥያቄ፦ በጅማ ዞን፣ ማና ወረዳ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ከአባቴ የወረስኩትና በስሜ ፈቃድ የወጣለት ሲሞኖቭ ጠመንጃ አለኝ። በቆሎው እሸት በያዘ ቁጥር ከርከሮ ከጫካው እየወጣ ያወድምብናል። ዕድሜዬ ከሃምሳ ስላለፈ ሳነጣጥር የኋላው ማነጣጠሪያ ይደበዝዝብኛል፤ እሱን አጠራለሁ ስል ደግሞ ኢላማው ይጠፋኛል። በውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ እዚያ ያሉ ሰዎች መነጽሩን ከተለመደው ቦታ አውጥተው ወደ አፈሙዙ አስጠግተው እንደሚሰኩት ነግሮኛል፤ ከመነጽሩ ጋር ባለ ሁለት እግር ማሳረፊያ፣ የሰደፍ ጎማና በጠመንጃው ላይ የሚታሰር የእጅ ባትሪ ልላክልህ ይለኛል። መነጽሩ ወደ ፊት መውጣቱ ጥቅሙ ምንድን ነው? ሌሎቹስ ዕቃዎች ያስፈልጉኛል?

መልስ፦ የተከበሩ አንባቢያችን፣ ከመነጽሩ በፊት የሕጉን ነገር እናስቀድም። በአገራችን የጦር መሣሪያ ይዞታ የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። ጠመንጃው በስምዎ ፈቃድ ወጥቶለታል ማለት የሚጨመርበት ዕቃ ሁሉ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ወንድምዎ አንዳች ነገር ከመግዛቱ በፊት ፈቃዱን ለሰጠዎት አካል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀብለው ከፈቃዱ ጋር ያስቀምጡ። ዕቃውን በሻንጣ ውስጥ በልብስ ጠቅልሎ ማስገባት መወረስንም ክስንም ሊያስከትል ስለሚችል በፍጹም አይሞከር። ከርከሮውም ቢሆን ሰብል አጥፍቷል ተብሎ በራስ ውሳኔ የሚገደል አይደለምና፣ ለወረዳዎ የሚመለከተው ጽሕፈት ቤት አሳውቀው የሚፈቀድልዎትን ይወቁ። የሚከተለው ምክር ሁሉ ይህ ፈቃድ ከተገኘ በኋላ የሚሠራ ነው።

የዓይንዎ ችግር የብዙ ሰው ችግር ነው። ከአርባ ዓመት ወዲህ የዓይን ሌንስ ቅርቡን ለማጥራት ያለው አቅም እየቀነሰ ይሄዳል። በግልጽ ማነጣጠሪያ ሲያነጣጥሩ ግን ዓይን ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ እንዲያይ ይጠየቃል፤ ከአንድ ክንድ ባነሰ ርቀት ያለውን የኋላውን ስንጥቅ፣ አፈሙዙ አጠገብ ያለውን የፊቱን ችካልና በሩቅ ያለውን ኢላማ ማለት ነው። መነጽር የማነጣጠሪያውን መስቀልና ኢላማውን በአንድ ሜዳ ላይ አምጥቶ ስለሚያሳይ ዓይን ወዲያና ወዲህ መመላለሱ ይቀርለታል። ይህ ጥቅም መነጽሩ የትም ቢሰካ የሚገኝ ነው። ወደ ፊት የሚወጣበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ምክንያቱም ያለው በራሱ በጠመንጃው አሠራር ውስጥ ነው።

በሰርጌይ ሲሞኖቭ የተነደፈው ይህ ጠመንጃ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1945 ሞዴል ሲሆን፣ 7.62 በ39 ሚሊ ሜትር ጥይት ይተኩሳል፤ ካዝናውም ከአካሉ ጋር የተያያዘና አሥር ጥይት የሚይዝ ነው። የሚጎርሰው ከላይ ነው። አሥር ጥይት የተሰካበትን ክሊፕ በተከፈተው መዝጊያ ፊት ካለው ማስገቢያ ላይ አቁመው በአውራ ጣት ቁልቁል ይገፉታል። ባዶ ቀለሁም የሚወጣው በዚያው በላይኛው ክፍት በኩል ነው። እንግዲህ መነጽሩ በተለመደው ቦታ፣ ማለትም ከዚህ ክፍት በላይ ቢሰካ፣ ክሊፑ መግቢያ ያጣል፣ ጥይት አንድ በአንድ በጎን እያሾለኩ ማጉረስ ግድ ይሆናል፣ ቀለሁም ከመነጽሩ ሆድ ጋር እየተጋጨ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሊቀረቀር ይችላል። መነጽሩ ወደ ፊት ሲወጣ ይህ ቦታ ነጻ ይሆናል። በአሜሪካ ጄፍ ኩፐር የተባለው የተኩስ መምህር በ1980ዎቹ «ስካውት» ብሎ ያስተዋወቀው ቀላል ጠመንጃም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነበር፤ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር፣ ክብደቱ ከሦስት ኪሎ ግራም አካባቢ እንዳይበልጥ፣ መነጽሩም ከማጉረሻው ፊት እንዲሆን አስቦ ነበር። ከእሱ አስቀድሞ ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንድ ተኩል ጊዜ ብቻ የሚያጎላ ትንሽ መነጽር በማውዘር ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ አጠገብ ሰክተው ተጠቅመዋል።

ለሲሞኖቭ የሚሸጡ የመነጽር ማሰሪያዎች በሦስት መንገድ ይሰካሉ፤ ልዩነታቸው ከመነጽሩ ጥራት ይበልጥ ውጤቱን የሚወስን ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። የመጀመሪያው የመዝጊያውን የላይ ክዳን አውጥቶ ማሰሪያ ያለበት ክዳን መተካት ነው። ዋጋው ርካሽ፣ ሥራውም ቀላል ስለሆነ ብዙ ሰው ይህን ይመርጣል፤ እኔ ግን አልመክርዎትም። ክዳኑ ጠመንጃው በተጸዳ ቁጥር እንዲወልቅ ተብሎ የተሠራ በመሆኑ ሲገጠም ትንሽ ክፍተት አለው፤ በእጅዎ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቢነቀንቁት ይሰማዎታል። የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ የምታህል ንቅናቄ በመቶ ሜትር ላይ የብዙ ሴንቲ ሜትር ስሕተት ትሆናለች፤ ያጸዱት ዕለትም ያስተካከሉት ኢላማ ይፈርሳል። ሁለተኛው የጠመንጃውን ጎን በመሰርሰሪያ በስቶ ማሰሪያ በብሎን መትከል ነው። በሚገባ ከተሠራ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ልምድ የሌለው ሰው ሰርስሮ ያበላሸዋል፣ አንዴ የተበሳውም አይደፈንም፣ የአባትዎን ጠመንጃም እስከ ወዲያኛው ይለውጠዋል። ሦስተኛው የኋላውን ማነጣጠሪያ ቅጠል አውጥቶ በዚያው በመቀመጫው ላይ መነጽሩ የሚታሰርበትን አጭር ሐዲድ መሰካት ነው። መቀመጫው በርሜሉ ላይ የጸና ስለሆነ አይነቃነቅም፣ ምንም ነገር አይበሳም፣ በፈለጉ ጊዜም የቀድሞውን ማነጣጠሪያ መልሰው ይገጥማሉ። የእኔ ምርጫ ይኸኛው ነው። ያወጡትን ቅጠል በዘይት ጨርቅ ጠቅልለው በጥንቃቄ ያስቀምጡት።

ሐዲዱን ሲመርጡ አንድ ነገር በእጅዎ ይፈትሹ። ከኋላው ማነጣጠሪያ መቀመጫ በስተቀኝ የጋዝ ቱቦውን (የባሩዱ ጋዝ መዝጊያውን ወደ ኋላ የሚገፋበትን ቱቦ) የምትለቅ ትንሽ ማንሻ አለች። ማንሻዋ ወደ ላይ ዞራ ቱቦው ከላይ እንጨቱ ጋር ተነሥቶ መውጣት አለበት። አንዳንዱ ሐዲድ ረጅም ስለሆነ በዚህ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ቱቦው እንዳይወጣ ያግዳል፤ እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው የጋዙን ክፍል ለማጽዳት ሁልጊዜ ሐዲዱን መፍታት፣ ኢላማውንም እንደገና ማስተካከል ይኖርበታል።

ቀጥሎ መነጽሩ ነው። ማንኛውም መነጽር ወደ ፊት ወጥቶ አይሠራም። የተለመደው የአደን መነጽር ዓይን ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ርቀት ላይ ሲሆን ነው ሙሉ ምስል የሚሰጠው፤ እጅን ዘርግተው ቢያዩበት የሚታየው በጥቁር የተከበበች ነጥብ ብቻ ናት። ወደ ፊት ለሚሰካው ከ23 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ርቀት ላይ ምስል እንዲሰጥ ተብሎ የተሠራ መነጽር ያስፈልጋል። የሽጉጥ መነጽር ደግሞ ከዚህም ለሚርቅ ዓይን የተሠራ ስለሆነ አይተካውም። የማጉላት አቅሙ ከ2 እስከ 3 ጊዜ ቢሆን ይበቃዎታል። ሲሞኖቭ በጥሩ ጥይትና በጥሩ ተኳሽ እጅ በመቶ ሜትር ላይ ጥይቶቹን አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ክብ ውስጥ የሚያሳርፍ ጠመንጃ ነው፤ ዘጠኝ ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይህን ክብ አያጠብበውም፣ የእጅዎን መንቀጥቀጥ ብቻ አጉልቶ ያሳይዎታል። በዝቅተኛ ማጉላት ሁለቱንም ዓይኖች ከፍተው ስለሚያነጣጥሩ ከኢላማው ግራና ቀኝ ያለውን፣ ከበቆሎው መሐል ብቅ ሊል የሚችለውን ልጅ ወይም ከብት ጭምር ያያሉ። ለእርስዎ ሁኔታ ይህ ቶሎ ከማነጣጠሩም ጥቅም ይበልጥብኛል።

ጉድለቱን ሳልነግርዎ ብቀር ግን ምክሩ ሙሉ አይሆንም። መነጽሩ ከፊት ሲርቅ በዓይንዎና በመስተዋቱ መካከል ክፍት ቦታ ይቀራል። ፀሐይ ከጀርባዎ ዝቅ ስትል፣ ማለትም ማለዳ ወደ ምዕራብ ወይም አመሻሽ ላይ ወደ ምሥራቅ ሲያነጣጥሩ፣ ብርሃኑ በትከሻዎ በኩል አልፎ የኋላውን መስተዋት ይመታና ምስሉን ነጭ ያለብሰዋል። በተለመደው ቦታ የተሰካ መነጽር ላይ ራስዎ ጥላ ስለሚሆን ይህ ችግር ብዙም አይታይም። ባርኔጣ ትንሽ ይረዳል፣ ፈጽሞ ግን አያስቀረውም። ከዚህ የሚብሰው የምሽቱ ነገር ነው። ከርከሮ የሚወጣው ሲመሻሽ ነው፤ ወደ ፊት የወጣ መነጽር ደግሞ ሲጨልም ከተለመደው ቀድሞ ይደክማል፣ ምስሉም በዙሪያው ባለው ጨለማ መሐል ጠባብ መስኮት ብቻ ሆኖ ይታያል። ችግሩን በከፊል ለማቃለል የፊት መስተዋቱ ስፋት በማጉላት ቁጥሩ ሲካፈል ሰባት ወይም ከዚያ በላይ የሚመጣ መነጽር ይምረጡ፤ ለምሳሌ 28 ሚሊ ሜትር ስፋት ኖሮት 2.5 ጊዜ የሚያጎላው ከ11 በላይ ስለሚሰጥ ጥሩ ነው። እንደዚያም ሆኖ ኢላማውን ለይተው ያላዩበት ሰዓት የተኩስ ሰዓት አይደለም፤ በቆሎ ጥበቃ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት ጎን ለጎን የሚያድርበት አገር ነውና።

ወደ መግጠሙ ስንመጣ፣ አስቀድመው ካዝናውን ያራግፉ፣ የጥይት ቤቱን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፣ ጥይቱንም ከክፍሉ ያውጡ። የብሎኖቹንና የቀዳዳዎቹን ዘይት በአልኮል አጥበው ያድርቁ፤ ዘይት ያለበት ብሎን ምንም ቢጠብቅ ይላላል። ለእያንዳንዱ ብሎን ብሎን የሚይዘውን ሰማያዊ ሙጫ አንድ ጠብታ ብቻ ይጠቀሙ፤ ቀዩን አይጠቀሙ፣ እሱን ያለ ሙቀት መፍታት ያስቸግራልና። ቀለበቶቹን በአንድ ጊዜ አንዱን ጎን ብቻ አያጥብቁ፤ በሰያፍ እያፈራረቁ ትንሽ በትንሽ ያጥብቁ። መስቀሉ ቀጥ ማለቱን ለማየት ከአሥራ አምስት ሜትር ርቀት ላይ ቱንቢ አንጠልጥለው የቆመውን መስመር ከክሩ ጋር ያስተያዩ። የዓይን ርቀቱንም በእርሻ ላይ የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰው፣ ጉንጭዎን በተለመደው ቦታ አሳርፈው ይለኩ። ሁሉም ከጠበቀ በኋላ ከብሎኑ ራስ ወደ ማሰሪያው የሚሻገር ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም ያስምሩ፤ መስመሩ ተሰብሮ ባዩ ቀን ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው።

ኢላማ የማስተካከሉ ሥራ በተፈቀደ የተኩስ መለማመጃ ቦታ ብቻ ይደረግ። በ25 ሜትር ይጀምሩ። መነጽሩ ከበርሜሉ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በ25 ሜትር ላይ ጥይቱ ካነጣጠሩበት ነጥብ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲያርፍ ካደረጉ በመቶ ሜትር ለኢላማው በጣም ይቀርባል። ሦስት ጥይት ተኩሰው መሐከላቸውን ይውሰዱ፤ በአንድ ጥይት መነጽር አይዞርም። በብዛት በሚሸጡት መነጽሮች ላይ ማስተካከያው ሲዞር የምትሰማ አንዲት የ«ቀጭ» ድምፅ በመቶ ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በ25 ሜትር ግን ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ ታንቀሳቅሳለች። በየሦስቱ ጥይት መካከል በርሜሉ ይቀዝቅዝ፤ መነጽሩ በርሜሉ ላይ ባለ መቀመጫ ስለተሰካ ሙቀቱ ማሰሪያውንም ይነካል፣ የሚነሣውም ትኩስ አየር ከመስተዋቱ ፊት ምስሉን ያወዛውዛል። በመቶ ሜትር የተስተካከለ ሲሞኖቭ በ200 ሜትር ላይ ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ይላልና ከመቶ ሃምሳ ሜትር ወዲያ ላለ እንስሳ ባይተኩሱ እመርጣለሁ። ሳንጃው ያለበት ከሆነ ደግሞ ልብ ይበሉ፤ ሳንጃው ታጥፎ የተስተካከለ ጠመንጃ ሳንጃው ሲዘረጋ ወይም ሲወልቅ ሌላ ቦታ ይመታል። አንዱን ሁኔታ መርጠው በዚያው ይጽኑ።

ወንድምዎ ሊልክልዎ ካሰባቸው ዕቃዎች ውስጥ የሰደፍ ጎማው ብቻ ይጠቅምዎታል። የሲሞኖቭ ሰደፍ ለረጅም ሰው አጭር ስለሆነ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር መጨመር አያያዙን ያመቻቸዋል፤ ጎማው የዓይንን ርቀት ስለሚቀይር ግን ከመነጽሩ በፊት ይገጠም። እርሱ ያልጠቀሰውን አንድ ነገር እኔ እጨምራለሁ፤ በሰደፉ ላይ የሚታሰር የቆዳ ጉንጭ ማሳረፊያ። መነጽሩ ከቀድሞው ማነጣጠሪያ ከፍ ስለሚል፣ ጉንጭ ማረፊያ አጥቶ አገጭ ብቻ ሲነካ ዓይን በእያንዳንዱ ተኩስ ሌላ ቦታ ላይ ይሆናል። በጅማ ቆዳ የሚሰፋ ባለሙያ አይጠፋምና በጠፍር የሚታሰር አድርጎ ይሥራልዎት። ባለ ሁለት እግሩ ማሳረፊያ በርሜሉን ቆንጥጦ ስለሚይዝ ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ያዛውራል፣ ወደ አራት ኪሎ ግራም ለሚጠጋው ጠመንጃም ተጨማሪ ሸክም ነው፤ ጥሩ ሰፊ ማንገቻ በክንድ ላይ ጠምጥሞ መያዝ ከእርሱ ይሻላል። ባትሪውን በጠመንጃ ላይ ማሰር አልወደውም። በጨለማ የሰማነው ኮሽታ ምን እንደሆነ ለማየት ባትሪ የሚበራ ከሆነ፣ አፈሙዙ በዚያው ቅጽበት ወደዚያ ዞሯል ማለት ነውና፣ ብርሃኑ በሌላ እጅ ይያዝ።

በመጨረሻም ከመነጽሩ ሁሉ የሚቀድም አንድ ሥራ አለ። በብዙዎቹ ሲሞኖቮች ላይ ጥይቱን የሚመታው መርፌ የሚመልሰው ስፕሪንግ የለውም፤ በመዝጊያው ውስጥ ልቅ ሆኖ ይንሸራተታል። ውስጡ በአሮጌ ቅባትና በቆሻሻ ከተያዘ መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ ይቀራል፣ መዝጊያውም ሲዘጋ ምላጩ ሳይነካ ጥይቱ ሊተኩስ፣ ከዚያም በላይ ተከታትሎ ሊተኩስ ይችላል። መዝጊያውን አውጥተው ከጆሮዎ አጠገብ ያወዛውዙት፤ መርፌው ወዲያና ወዲህ ሲል በግልጽ ሊሰማ ይገባል። ካልተሰማ ባለሙያ ፈትቶ በነጭ ጋዝ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ሳይቀባው ይግጠመው። ይህ ሳይደረግ መነጽር ማሰብ አይገባም።

ጥያቄ፦ የታላቅ እኅቴ ልጅ በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ይኖራል። ለአጋዘን አደን አሮጌ ኤም ዋን ጋራንድ ገዝቷል፤ እርሱም መነጽሩን ወደ ፊት ሊሰካ ነው። ምን ንገረው ትሉኛላችሁ? (ከጅማ ከተማ፣ ሄርማታ)

መልስ፦ ይህን ጠመንጃ ቃኘው ሻለቆች በኮሪያ ዘመቻ ይዘውት ስለነበር ለብዙ የአገራችን ቤተሰብ እንግዳ አይደለም። የአሜሪካ ጦር የተቀበለው በ1936 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ ስምንት ጥይት ከነክሊፑ ከላይ ይጎርሳል፤ የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ ባዶው ክሊፕ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ስለዚህ ከላዩ ምንም ነገር ሊቀመጥ አይችልም። ጦሩ ራሱ ለአነጣጣሪ ተኳሾቹ ኤም ዋን ሲ እና ኤም ዋን ዲ የተባሉትን ሲያዘጋጅ መነጽሩን ወደ ግራ ጎን አውጥቶ ነበር የሰካው፤ ተኳሹም ጉንጩን ወደ ግራ እንዲያዛውር የቆዳ ማሳረፊያ በሰደፉ ላይ ታሰረለት። ወደ ፊት መስካቱ ከዚህ ይልቅ የተመቸ ነው፤ ማሰሪያው የኋለኛውን የእጅ እንጨት ተክቶ በርሜሉን አቅፎ ይይዛል፣ ጠመንጃውም አይበሳም። ያወጣውን እንጨት ግን እንዳይጥለው።

ለልጅዎ በብርቱ የሚነገረው ስለ ጥይቱ ነው። ለአደን የሚሸጡ ብዙዎቹ የዛሬ ጥይቶች በመጠን ከዚህ ጠመንጃ ጋር ልክ ቢሆኑም፣ በጋዝ ቀዳዳው ላይ የሚፈጥሩት ግፊት ጠመንጃው ከተሠራለት ከፍ ስለሚል መዝጊያውን የሚገፋውን ረጅም ዘንግ ሊያጣምሙት ይችላሉ። ወይ ለጋራንድ ተብሎ የተዘጋጀ ጥይት ይግዛ፣ ወይ ግፊቱን የሚቀንስ የሚስተካከል የጋዝ ክዳን ይግጠም። ሲያጎርስም አውራ ጣቱን ይጠንቀቅ፤ ክሊፑ ሲገባ መዝጊያው በኃይል ወደ ፊት ይሮጣል።

ጥያቄ፦ የሩቅ መመልከቻ መነጽሬ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር በቅሎበታል። ጨርቅ ቢነካውም አይጠፋም። ምንድን ነው? (ከሰቃ ጨቆርሳ)

መልስ፦ ሻጋታ ነው። የጅማ ክረምት ረጅምና እርጥብ ስለሆነ በሣጥን ውስጥ ተዘግቶ የሚከርም መስተዋት ሁሉ ይገጥመዋል፤ ለጠመንጃ መነጽርም ያው ነው። የበቀለው ከውስጥ በመሆኑ ከውጭ መጥረጉ አይረዳም፤ መፍታቱንም በቤትዎ አይሞክሩት፣ በውስጡ የተሞላው ደረቅ ጋዝ ካለ ያመልጣልና። ገና ያልተበላሸውን ለማትረፍ በቆዳ ማህደር ውስጥ አያክርሙት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። አየር በሚነካው ደረቅ መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ለጥቂት ሰዓት ከቤት ይውጣ፤ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ግድ ከሆነ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ከረጢት አብሮ ይግባ፣ ከረጢቱም በየጊዜው በእሳት ዳር ይድረቅ። ከዝናብ የገባ መነጽር መስተዋቱ ሳይታሽ በለስላሳ ጨርቅ ተነክቶ ውኃው ይወሰድለት፤ ክዳኑም የሚደፋው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው።